እታለምና ተራ ቁጥር ሁለት

እታለም ወረቀት የምትቀበለው በጀርባው ነው። ደንበኛው ጽሑፉን ወደ እሷ አድርጎ ሲዘረጋላት እጇን ትሰበስብና «ገልብጥልኝማ» ትለዋለች። እሱ ሲገለብጠው ትቀበላለች፤ ጽሑፉን ወደ መስታወቱ፣ ባዶውን ወደ ራሷ አድርጋ ማሽኑ ላይ ታስተኛዋለች። ክዳኑን አውርዳ «ስንት ኮፒ?» ትላለች። ሌላ ነገር አትጠይቅም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራችው። የሰፈራችን ሰው የፍቺ ውሳኔውን፣ የደም ምርመራ ውጤቱን፣ የሥራ መልቀቂያውን፣ ለአከራዩ የጻፈውን የልመና ደብዳቤ ሁሉ እሷ ጋ ሲያባዛ ኖሯል። አንዲት ቃል ከዚያች ክፍል ወሬ ሆና ወጥታ አታውቅም።

ክፍሏ ከሕንፃችን ሥር ናት፤ በደረጃውና በልብስ ሰፊው ሱቅ መካከል የተሰነቀረች። ስፋቷ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ግማሹን ማሽኑ ይዞታል። በቀረው የወረቀት ፓኬት የተደረደረበት መደርደሪያ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ወንበር፣ በሲባጎ ከጠረጴዛው ጋር የታሰረ ስቴፕለር አለ። ስቴፕለሩን ያሰረችው ሌባ ፈርታ አይደለም፤ የተማረ ሰው ሐሳብ ይዞት ኪሱ ከትቶት ስለሚሄድ ነው። ሁለት ጊዜ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

በዕድሜ በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ፤ ቢሆንም እንደ ሰዉ ሁሉ እኔም እታለም ነው የምላት። ታላቅ እህት ያጣ ሁሉ እሷን የሾማት ይመስለኛል። እሷ ደግሞ መምህር ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሥነ ዜጋ አስተምሬአለሁ። መብት፣ ግዴታ፣ የሕግ የበላይነት፣ የምርጫ ካርድ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የጠመኔ ብናኝ ሳንባዬን ጨርሶታል። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። በኋላ የምነግራችሁን ነገር ያደረገው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከአሁኑ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ወረቀት በጀርባው መቀበል የጀመረችበትን ምክንያት የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዝናብ አላስወጣ ብሎን ሱቋ ውስጥ በተቀመጥንበት ከሰዓት። በሃያ ዓመቷ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ጸሐፊ ነበረች። አንድ ቀን የአንዲት ባልደረባዋን የሕመም ፈቃድ ማመልከቻ እንድትጽፍ ሰጧት። የሴትየዋ በሽታ ስሙ ሲነሣ ሰው የሚሸሸው ዓይነት ነበር። ጻፈችው። ምሳ ሰዓት ላይ ለቅርብ ጓደኛዋ፣ ለእሷ ብቻ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ነገረቻት። በማግስቱ ሕንፃው በሙሉ አወቀው። ሴትየዋ ጠረጴዛዋን ጠርጋ ወጣች።

«ምንም አላለችኝም መምህር» አለችኝ እታለም። «ስትወጣ በእኔ በኩል አለፈችና ደህና ዋይ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ የሰው ወረቀት አላነበበችም።

ከስድስት ዓመት በፊት የከተማችን ምክር ቤት አንድ ደንብ ሊያጸድቅ ተነሣ። በየመኖሪያ ሕንፃው መግቢያ ካሜራ ይተከላል፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ማንን ሊጠይቅ መጣ የሚለው ሁሉ በቀጥታ ለጸጥታ ቢሮው ይተላለፋል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልግም። የሥራው ስም «ሰላማዊ ዓይን» ነበር፤ ያወጣው ሹም በትርፍ ጊዜው ግጥም የሚሞክር ሳይሆን አይቀርም። ደንቡ ገና ሳይጸድቅ፣ ለሙከራ ነው ተብሎ፣ ከእታለም ሱቅ ፊት ለፊት ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ አንዱ ተሰቀለ።

ሰው አጉረመረመ። ማጉረምረም እንችልበታለን። በደረጃው ላይ ስንተላለፍ፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ምሰሶውን በአገጫችን እየጠቆምን «ምን ይደረጋል» እንባባላለን፤ ከዚያ ወደየቤታችን እንገባለን። አንድ ጠዋት እታለም ሱቅ ውስጥ ይህን ቃል ለስንተኛ ጊዜ ሰምቼ እንደሆነ እንጃ፣ ደሜ ፈላ።

«ምን ይደረጋል ማለት ምን ማለት ነው? ሕግ አለ» አልኩ አፌን ሞልቼ። አምስት መቶ ነዋሪዎች ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና የመታወቂያ ቁጥራቸውን አስፍረው ከፈረሙ፣ ምክር ቤቱ ሕዝብ ጠርቶ ሳይሰማ አንድን ደንብ ማጽደቅ አይችልም። አንቀጹን በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፤ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ።

«ታዲያ ለምን አንጠቀምበትም?» አለች እታለም።

በአንቀጹ የተጠቀመ ሰው ሰምቼም አይቼም አላውቅም፤ እኔም ራሴ ሊሠራ ይችላል ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

«እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ወረቀቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነው የሚመጣው» አለች ወደ ምሰሶው እያየች። «ይሄ ነገር ከላይ ሆኖ እያየው እንዴት ይመጣል? ማንም ካልመጣ ደግሞ እኔ ምን እሠራለሁ?»

አቤቱታውን እኔ ጻፍኩት። ተራ ቁጥር አንድ ላይ እታለም ፈረመች፤ ተራ ቁጥር ሁለት ላይ እኔ። ሦስተኛዋ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት ናት። ሦስታችን ኮሚቴ ነን ተባልን። ፋርማሲስቷ እየፈረመች «ስማችን እንዳይመዘገብ ብለን ስማችንን እየመዘገብን ነው እኮ» አለች። ሳቅን። እውነቷን ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን ነበር።

እታለም ለማስፈረሚያ አንድ ዘዴ አበጀች። ካርቶን ቆርጣ በመሐሉ ረድፍ የሚያህል ቀጭን መስኮት አወጣችለት። ካርቶኑ ዝርዝሩ ላይ ሲቀመጥ የሚፈርመው ሰው የራሱን ባዶ ረድፍ ብቻ ያያል። ከእሱ በፊት ማን እንደፈረመ አያይም፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውም እሱን አያየውም። ሰዉ ይህን ሲያይ ልቡ ረጋ። በአምስት ሳምንት ውስጥ አምስት መቶ ስልሳ ሦስት ሰው ፈረመ፤ በሃያ ዘጠኝ ገጽ ላይ። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ግን አሻፈረኝ አለ። «እኔ የምፈርመው ሱሪ ሳስረክብ ብቻ ነው» አላት። ደግማ አልጠየቀችውም።

የምክር ቤቱ መዝገብ ቤት ወረቀት በማጥፋት ስለሚታወቅ፣ እታለም ሃያ ዘጠኙን ገጽ በሁለት ኮፒ አባዛቻቸው፤ እንደ ልማዷ በጀርባቸው። ዋናውን አንድ ባዶ የወረቀት ፓኬት ውስጥ ከትታ አሽጋ መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ መሐል ሰካችው። በዚያው ሳምንት ከጸጥታ ቢሮው ሁለት ሰዎች መጡ። ትሑቶች ነበሩ፤ ረጅሙ ሲገባ ጫማውን ጠረገ።

«ዝርዝሩን አንዴ ብናየው» አላት።

«የሰው ወረቀት ነው።»

«እኛስ ሰው አይደለንም?»

«እንግዲያው ፈርሙና የራሳችሁን ረድፍ ላሳያችሁ» አለች፤ ካርቶኑንም አቀረበችላቸው።

ሳቁና ሄዱ። ይህን ስትነግረን እኛም ሳቅን፤ ያሸነፍን መስሎን ነበር።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሐኪሙ መጣ። ሐኪሙ የምንለው የማሽኗን ጠጋኝ ነው። በሦስት ወር አንዴ እየመጣ ያጸዳዋል፣ ዘይት የሚፈልገውን ዘይት ይቀባል፣ «ታማሚዋ ዛሬ ደህና ናት» ይላል፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። በዚያ ቀን ግን ጊዜው ሳይደርስ ነው የመጣው። ሻዩን እንቢ አለ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ሠርቶ፣ ዓይኗን ሳያይ ወጣ። እታለም የቤት ችግር ይዞት ነው ብላ አዘነችለት።

በማግስቱ ጠዋት የፈተና ወረቀት ይዤ ሄድኩ። የትምህርት ቤታችን የፈተና አርዕስት ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ቁልፍ ስትነካ ይወጣል። ነካችው፤ አልወጣም። ማሽኑ ቀኑን ጠየቃት። ከዚያ ቋንቋ እንድትመርጥ ጠየቃት፤ ገና ከካርቶኑ የወጣ ዕለት እንደሚጠይቀው። እታለም ያቺ በካርቶን የተደገፈች ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ማሽኑን የገዛሁ ቀን። እታለም፣ ይቺ እንዳንቺ አይደለችም፤ ያየችውን ሁሉ ትይዛለች ብሎኝ ነበር። ሳቅኩበት። እኔ ካላነበብኩት ማንም አላነበበውም ብዬ ኖርኩ።»

ስልክ ደወለችለት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«የማሽኔን የድሮ ትውስታ አውጥተህ የት አደረስከው?» አለችው።

«እታለም፣ ልጆች አሉኝ» የሚለውን ከስልኩ ውስጥ እኔም ሰማሁት። አልተቆጣችውም። ስልኩን ዘጋችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያለቀሰችው ለአምስት መቶ ስልሳ ሦስቱ ብቻ አልነበረም። ማሽኑ ምን ያህል እንደሚይዝ አታውቅም፤ የአንድ ሳምንት ይሁን የዓመታት። ያቺ የፍቺ ወረቀቷን ያመጣች ልጅ፣ ያ የምርመራ ውጤቱን አራት አጥፎ ያመጣ ሰው፣ አንድ በአንድ ይታወሷት ጀመር። ፊታቸውን ነው የምታውቀው፤ ወረቀታቸውን አይታው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዝርዝሩን ለማስገባት አሥራ አንድ ቀን ቀርቶናል። እታለም ለፈራሚዎቹ እንንገራቸው አለች። ተው የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ብንነግራቸው ይደነግጣሉ፤ ስማቸውን ያወጣሉ፤ ቁጥሩ ከአምስት መቶ ይወርዳል፤ ስብሰባውም ይቀራል። የተወሰደው ተወስዷል፤ ቢነገራቸውም አይመለስ። ትልቁን ነገር ማየት ያስፈልጋል እያልኩ፣ ክፍል ውስጥ እንደምናገረው ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አስረዳሁ። ፋርማሲስቷ ተስማማች።

እታለም እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «መምህር» አለች፣ «ሰዎቹ የፈረሙት ምክር ቤቱን አምነው አይደለም። እኔን አምነው ነው። ካልነገርኳቸው እኔም ያው ምሰሶው ነኝ።»

በነጋታው ሱቋ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ። «ከማሽኔ ውስጥ የሰው ወረቀት ተወስዷል። የፈረማችሁበትም ዝርዝር አብሮ ሄዷል። ባለማወቅ ሳይሆን በመዘንጋት ያደረግኩት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስሙን መሰረዝ የሚፈልግ ይምጣ። ወረቀት ያባዛችሁም ሁሉ ይህን እወቁት።» ጽሑፉ ፊቱን ወደ መንገዱ ነበር፤ ካሜራውም እኛም እኩል አነበብነው።

ሰዎች መጡ። አንዳንዱ ጮኸባት፤ አንዲት ሴትዮ የተናገረቻትን እዚህ አልደግመውም። እታለም አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ዝርዝሩን አወጣች፣ ካርቶኑን ባለቤቱ ረድፍ ላይ አስቀመጠች፣ ቀይ ብዕርና ማስመሪያ አቀበለች፣ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ሰውየው በገዛ እጁ ስሙ ላይ መስመር አስምሮ ይወጣል። የሰረዙት ሁሉ ፈሪ ናቸው እንዳትሉ። ቤት ያለው፣ ሕመምተኛ የሚያስታምም፣ የመንግሥት እንጀራ የሚበላ ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በሦስተኛው ቀን ርእሰ መምህራችን ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ። ስለ ዝርዝሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«ልጅዎ ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት።»

«ሆስፒታል ነው አይደል የተቀጠረችው? የሙከራ ጊዜዋ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ከሁለት ወር በኋላ።»

«እግዜር ያሳካላት» አለና ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ።

ያለችኝ ልጅ ይህችው ነርሷ ብቻ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ለብቻዬ ነው ያሳደግኳት። ምሳ ሰዓት ላይ እታለም ሱቅ ገባሁ። ሌላ ሰው አልነበረም። አፌን ስከፍት ቀድማ ተረዳችኝ መሰል፣ የመጀመሪያውን ገጽ አወጣች። ካርቶኑን ስታስቀምጥ እጇ መፈለግ አላስፈለገውም፤ ከላይ ሁለተኛው ነው።

«ልጄ…» አልኩ።

«አልጠየቅኩዎትም መምህር» አለች። በክፋት አልነበረም። ማስመሪያውን አቀበለችኝና ፊቷን አዞረች።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። በዚያች ትንሽ መስኮት ውስጥ ስሜንና ቀዩን መስመር ብቻ አየሁ። ሌሎቹ ምን እንዳደረጉ ባይ ኖሮ መጽናኛ ይሆነኝ ነበር፤ ካርቶኑ ግን አያሳይም። ስወጣ ስቴፕለሩን እንኳ አልነካሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቴ የምገባው በጓሮው በር ሆነ። ሠላሳ ዓመት የሕዝብ ተሳትፎ ያስተማረ ሰው፣ ከአንዲት ፎቶ ኮፒ የምታነሣ ሴት ፊት ለመሸሽ የቆሻሻ በርሜል እየዘለለ ሲገባ የልብስ ሰፊው ድመት አይታዋለች።

ሰባ አራት ሰው ሰረዘ። አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ቀረ። ማስገቢያው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ልብስ ሰፊው መርፌ ኮሌታው ላይ እንደተሰካ እታለም ሱቅ ገባ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው።

«ያልፈረመ ማን እንደሆነም እኮ አሁን አውቀዋል» አላት። «እነሱ ዘንድ ጎበዝ ተብዬ ከምቆጠር እዚህ ልቆጠር።» ፈረመ። ከእሱ በኋላ አሥራ ሦስት ሰዎች መጡ። እነማን እንደሆኑ አልነገረኝም፤ መስኮቷ የራሱን ረድፍ ብቻ ነው ያሳየችው። ዝርዝሩ በአምስት መቶ ሦስት ሰው ገባ።

ስብሰባው በምክር ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። ከኋላ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ በሮቹ ተከፍተዋል። በመድረኩ ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራዎች ወደ እኛ ዞረዋል። ሰብሳቢው ዝርዝሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና መነጽሩን አወለቀ።

«ይህ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ነው» አለ። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት እንደሌለው ማንም ያውቃል።»

እውነት ነው፤ በየቢሮው የምንኖርበት ሕግ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት የስንቱን ተማሪ ቅጽ መልሻለሁ። ከመስመሮቹ አንዱ ደግሞ የእኔ ነው። እኔ ለራሴ ብቻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሌሎቹንም ይዣቸው ልወጣ ነው።

እታለም ከፊት ረድፍ ተነሣች። በብዙ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ተሰበረ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ መስመሩን ያሰመረው የስሙ ባለቤት ነው። በገዛ እጁ ገባ፣ በገዛ እጁ ወጣ። ያልተሰመረበት ደግሞ ስሙ መወሰዱን እያወቀ የቀረ ነው። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ እኔ ከየት ላምጣ?»

«የቀሩት በእርግጥ ያሉ ሰዎች መሆናቸውን በምን እናውቃለን?»

«ይጥሯቸው» አለች።

ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ ወደ ካሜራዎቹ አየት አደረገ። ማንም አይነሣም ብሎ አስቦ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ገጽ ያዘ።

«ተራ ቁጥር አንድ» ብሎ የእታለምን ስም ጠራ።

«አለሁ» አለች እንደቆመች።

«ተራ ቁጥር ሦስት።»

ከአንድ ወደ ሦስት አለፈ። ሌላው ሰው ምናልባት ልብ አላለውም። እኔ ግን ያቺን ባዶ ቦታ ሰማኋት። አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንቀጹን ያወቅኩት እኔ ነኝ፤ ከአንድ ወደ ሦስት ሲዘለል የተዘለልኩትም እኔ ነኝ። ፋርማሲስቷ ተነሣችና «አለሁ» አለች። አራት። አምስት። «አለሁ።» ከግቢው በር በኩል «አለሁ።» ያልመጣ ሰው ሲጠራ ጎረቤቱ ወይም ሚስቱ እየተነሣች «ሥራ ላይ ነው፣ ግን አለ» ትላለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። ሰብሳቢው ፈገግታው ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ አላስተዋልኩም።

መጨረሻው ገጽ ላይ ልብስ ሰፊው ተጠርቶ ተነሣ፤ የልኬት ሜትሩን ከአንገቱ ማውረድ ረስቶ ነበር። ከእሱ ስድስት ስሞች ዝቅ ብሎ ጸሐፊው አንድ ስም አነበበ። የአባትየው ስም የእኔ ስም ነው።

«አለሁ» አለች ልጄ። የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ግድግዳው አጠገብ ቆማለች። ወደ እኔ ዞራ አላየችም።

ልነሣ ሞክሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለእሷ ብዬ የሰረዝኩትን እሷ ለራሷ ብላ ፈርማዋለች። አጠገቤ ያለው ሰው ውኃ ልስጥዎት ወይ አለኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃው ላይ ቆም አለችና እንዲህ አለችኝ፤ «አባዬ፣ እኔን ብለህ ከሆነ ልትጠይቀኝ ይገባ ነበር።» የሙከራ ጊዜዋን በሦስት ወር አራዘሙባት፤ በኋላ ግን ቋሚ አደረጓት።

ደንቡ ለተጨማሪ ጥናት ተመለሰ። በዓመቱ ሲመጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል የሚል አንድ መስመር ተጨምሮበት ጸደቀ። ብዙ አይደለም። ትእዛዙ ሳይጠየቅ የሚደረገውን ማን ያየዋል ብትሉኝ መልስ የለኝም። ካሜራው አሁንም ምሰሶው ላይ አለ። ግን በዚያች መስመር ምክንያት ሁለት ጎረቤቶቼ ፍርድ ቤት ሄደው አሸንፈዋል። እታለም የመጀመሪያዎቹን ወራት ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀመጠች። ቀስ በቀስ ሰው ተመለሰ። ከመዝጋቷ በፊት በየቀኑ የማሽኑን ትውስታ ማጥፋት ለመደች፤ የሚያይ ሰው ካለ «ና እይ» ብላ ጠርታ በፊቱ ታጠፋዋለች። ሐኪሙን መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላም እንዳለችው ሰምቻለሁ፤ ደህና ዋል አለችው አሉ። እሱ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ያቺ የድሮ ባልደረባዋ እሷን እንደተሰናበተቻት ነው የተሰናበተችው።

ዴሞክራሲን ሳስተምር ሁልጊዜ ከምርጫ ሳጥን ነበር የምጀምረው። አሁን ብመለስ ከዚያ ካርቶን እጀምር ነበር። መቼም አልመለስም፤ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ባለፈው ወር እታለም ሱቋን ዘጋች። ጉልበቷ ቀኑን ሙሉ መቆም እንቢ አላት። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት አንድ ገጽ ይዤ ወረድኩ፤ በፊት ለፊቱ በር። ከዚያ ምሳ ሰዓት ወዲህ ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ወረቀቱን ጽሑፉን ወደ እሷ አድርጌ ዘረጋሁላት።

«ይገልብጡልኝ መምህር» አለች።

ገለበጥኩላት። ማሽኑ ላይ አስተኛችው፤ ክዳኑን አወረደች።

«ስንት ኮፒ?»

«አምስት መቶ ሦስት።»

እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ። ወደ እኔ አላየችም። ክዳኑን መልሳ ከፈተችው፤ ወረቀቱን አነሣችው፤ አዞረችውና ማንበብ ጀመረች። አራት መስመር ናት። ተራ ቁጥር ሁለት እኔ ነበርኩ ትላለች፤ ምን እንዳደረግኩ፣ ለምን እንዳደረግኩ ትናገራለች፤ ይቅርታ ትጠይቃለች። እታለም አራቱን መስመር ለማንበብ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰችው።

«የመጀመሪያዋን እኔ አንብቤአለሁ» አለች። «አምስት መቶ ሁለት ይበቃል።»

ቁልፉን ተጫነችና እኔ እየቆጠርኩ እሷ ወረቀት እየጨመረች እስኪያልቅ ቆምን።